ያልተቆጠረው የመጀመሪያ ዓሣ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሶማሌ ተራ በሚገኘው የአባታችን ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሱቁን አሁን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ከማል ነው። አባታችን ገመድ፣ ሲባጎና መረብ ይደረድርበት የነበረውን መደርደሪያ ዛሬ ተጣጣፊ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች፣ የናይለን ክሮችና ከጥፍር የማይበልጡ መንጠቆዎች ሞልተውታል። እኔ ወደዚያ የምሄደው በወር አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ የመርካቶን ግርግር ለረጅም ሰዓት አልችለውም። የዚያን ቀን የሄድሁት ግን ከማል በስልክ ደጋግሞ ስለ ጠራኝ ነበር።

የጠራኝ ሊያሳየኝ የፈለገው ነገር ስለ ነበረው ነው። በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምዱ ደንበኞቹን በቴሌግራም ቡድን አሰባስቧል።

«እስቲ እይው፣ እታለም» አለኝ ስልኩን እያቀበለኝ። «እሑድ አመሻሽ ላይ ሁሉም የያዘውን ቁጥርና ቦታውን ይልካል፤ እኔ በደረጃ አስቀምጬ ሰኞ ጠዋት እለጥፋለሁ። አንደኛው ይሞገሳል፣ የመጨረሻው ይበሸቃል። ምን ልበልሽ፣ ቡድኑ ሞቅ ደመቅ ብሏል!»

ዝርዝሩን በጣቴ ወደ ታች ገፋሁት። ከግርጌው ጢማቸውን ሽበት የወረሰው አንድ ሰው አሉ። ከስማቸው ትይዩ ዜሮ ተጽፏል። ያለፈውንም ሳምንት፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም አየሁ፤ ዜሮ ነው። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል፤ አንዱም «ጋሼ፣ ከዓሣ ቤት ገዝተው ፎቶ ይነሱና ይገላገሉ እንጂ!» ብሎ ጽፎላቸዋል።

«አሁን የምፈልገው» አለ ከማል፣ «ያን የድሮ ደብተርሽን ነው። የአባባን፣ የእነ ጋሽ ሙክታርን ቁጥር የጻፍሽበትን። ቦታውም፣ ስሙም፣ ቁጥሩም አለበት አይደል? ፎቶ አንስተን እንልቀቀው። ሰው ጉድ ነው የሚለው!»

«እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ስጠኝ» አልሁት።

«ደብተር ነው እኮ! የምን ማሰብ ነው?»

ቤቴ ገብቼ ከመጻሕፍቴ ጀርባ ያስቀመጥሁትን ደብተር አወጣሁና የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት የያዘውን ገጽ ገለጥሁ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ አንድም ስርዝ የሌለበት፣ በጣም ንጹሕ ገጽ ነው። በሕይወቴ ከጻፍኋቸው ገጾች ሁሉ የማፍርበትም እሱ ነው።

ያን ጊዜ አራት ኪሎ የሦስተኛ ዓመት የሥነ ሕይወት ተማሪ ነበርሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ስፈልግ አስተማሪዬ አንድ ቀላል ጥያቄ አቀረቡልኝ፤ «በሐይቆቻችን ያለው ዓሣ እየቀነሰ መሆን አለመሆኑን የሚያጠምዱት ሰዎች ካልነገሩን ከማን እንሰማለን?» ጥያቄው ልቤ ውስጥ ገባ። መልሱም እደጃችን ያለ መሰለኝ፤ አባቴና ሁለት ጓደኞቹ እሑድ እሑድ ወደ ቆቃ ወርደው ዓሣ ያጠምዱ ነበርና።

ከሁለቱ አንዱ በአንዋር መስጊድ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ጋሽ ሙክታር ናቸው። ሲስቁ ከወዲያኛው መደዳ ይሰማል። ሁለተኛው ጋሽ ወልዴ፣ እህል በረንዳ ጤፍና ጥራጥሬ ሲሰፍሩ የኖሩ፣ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልጆቻቸው ክፍለ ሀገር ስለሚኖሩ ሌላውን ቀን ከእህሉ ጋር ይውላሉ፤ ሰው የሚሉት እሑድ የሚያገኙትን ነበር። አባቴ ገመድ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ጋቢናዋ ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ጋሽ ወልዴ በመሐል፣ ጋሽ ሙክታር በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ። ይህ የመቀመጫ ሥርዓት ሲዛነፍ አይቼ አላውቅም።

እኔ አብሬያቸው አልሄድም ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መንጠቆ ለመምረጥና የእሑዱን ወሬ ለመድገም ሱቁ ሲሰበሰቡ፣ ደብተሬን ይዤ «ስንት ያዙ?» እያልሁ እጠይቃለሁ። ጋሽ ሙክታር ቁጥራቸውን ከታሪክ ጋር ነው የሚነግሩኝ። አባቴ በአጭሩ ይመልሳል። ጋሽ ወልዴ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ነቅንቀው «የለም» ይላሉ፤ አልፎ አልፎ «አንድ»። እኔም የተባልሁትን እጽፋለሁ። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ለስምንት እሑዶች እንዲህ ጻፍሁ። በጋሽ ወልዴ ስም ስድስት ዜሮና ሁለት አንድ ተመዘገበ።

ስምንተኛው ሳምንት ሲሞላ ሠንጠረዡን በነጭ ካርቶን ላይ በትልቁ ገለበጥሁና የሱቁ በር ላይ ለጠፍሁት። ከራሱ ላይ ዓሣው የሚጠመድበትን ዳርቻ ስም ጻፍሁ። በስተመጨረሻም አስተማሪዬም ሆኑ አባቴ ያላዘዙኝን አንድ ዓምድ ጨመርሁ፤ «ደረጃ» የሚል። ይህን ያደረግሁት በክፋት አልነበረም። የተለካ ነገር ሁሉ መደርደር ያለበት ይመስለኝ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌም ያምር ነበር።

ሶማሌ ተራ ውስጥ በር ላይ የተለጠፈ ነገር የግል ሆኖ አይቀርም። ተሸካሚው ሸክሙን አሳርፎ ያነባል፤ ማንበብ የማይችለው ያስነብባል። በማግስቱ ጋሽ ወልዴ በዚያ ሲያልፉ ከወዲያ ማዶ አንዱ ነጋዴ «ጋሽ ወልዴ፣ በጤፍ ነው እንዴ የሚያጠምዱት?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እሳቸው መነጽራቸውን አወጡና ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ቀስ ብለው ነው ያነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉና «ጽሑፍሽ ያምራል» ብለውኝ ሄዱ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ደስ ነበር ያለኝ።

የሚቀጥለው ሰኞ ከጎማ ተራ አንድ ነጋዴ መጣ። ዳርቻውን ከካርቶኑ ላይ አንብቦ ብቻውን ወርዶ ብዙ ዓሣ ይዟል፤ አሁን የሚፈልገው ከእነሱ ጋር መሄድ ነው። አባቴ ጋቢናው ሦስት ሰው ብቻ እንደሚይዝ ነገረው። ሰውዬው ወደ ካርቶኑ ጠቆመና «ታዲያ ማን መውረድ እንዳለበት ሠንጠረዡ ራሱ ተናግሮ የለ?» አለ፣ እየሳቀ።

«ወልዴ፣ ሰማህ?» አሉ ጋሽ ሙክታር ጭናቸውን እየመቱ። «በማዕረግ ተባረርህ በለኛ!»

ጋሽ ወልዴ አብረው ሳቁ። ግን እጃቸው ውስጥ የነበረችውን መንጠቆ ወደ ሣጥኗ ሲመልሱ አየኋቸው። የዚያን ሳምንት እሑድ ጉልበታቸውን እንዳመማቸው ልከው ቀሩ። አባቴ መቀመጫውን ለጎማ ነጋዴው አልሰጠም፤ ባዶውን ይዞት ሄደ። ሁለተኛውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። ለሦስተኛው ዋዜማ ግን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሱቁን ሲዘጋ፣ ወደ እኔ ሳያይ «ነገ አንቺ ትሄጃለሽ» አለኝ። «የጻፍሽውን ነገር በዓይንሽ እይው።»

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዋር መስጊድ አካባቢ ካለች ጠባብ ፉል ቤት ቁርስ በላን፤ ትኩስ ዳቦ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የተነሰነሰበት ፉል። ከዚያ በጋሽ ወልዴ ቦታ፣ በመሐል፣ ተቀመጥሁ። ደብረ ዘይትን አልፈን ወደ ሞጆ ስንቃረብ የጤፉ ማሳ ወደ ወርቃማነት ተለውጦ ነፋሱ ያስተኛው ነበር። አጫጆች እጥፍ ብለው ይታያሉ። ጋሽ ሙክታር በዚህ መንገድ ላይ አፋቸው እንደማያርፍ ሰምቼ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሞጆ እስክንደርስ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋቢናው ሰፋ።» ማንም አልሳቀም። ከሞጆ በኋላ ከመንገዱ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ከምረው ከሚሸጡ ሴቶች ለምሳችን ገዛን።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ አባቴና ጋሽ ሙክታር የለመዱት ቦታ ተቀመጡ። እኔ የጋሽ ወልዴ ቦታ የት እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ከእነሱ በጣም ርቆ፣ ከአንዲት ግራር ባሻገር ነበር። «የሙክታር ጩኸት ዓሣ ያባርራል ብሎ ነው የሸሸን» አለ አባቴ። በግራሯ አጠገብ አንዲት ጎጆ አለች። እትዬ ጫልቱ የተባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት እየለዩ ነበር፤ ከጎናቸው ሰማያዊ የብረት ሳፋ ተቀምጧል።

«ሽማግሌው ዛሬም ቀሩ?» አሉኝ ከሰላምታ በኋላ።

«ጉልበታቸውን ትንሽ አሟቸዋል።»

«ይማራቸው። ይሄ ሳፋ ሁለት እሑድ ባዶውን ዋለ» አሉና በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ለዓሣው ብዬ አይደለም፤ ዓሣ እዚህ ሞልቷል፣ የሚሰጠኝ አላጣም። እሳቸው ግን ‹በረከት!› ብለው ሲጥሉት ነው ቀኑ እሑድ የሚመስለኝ።»

«ሁልጊዜ ይሰጡዎት ነበር?»

«የመጀመሪያውን። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ መጀመሪያ የወጣው የኔ ነው። በቀደም አንድ አምባዛ ወጣ፤ ለሁለት ነው የጎተትነው! ኧረ ይሄንንስ ለጓደኞችዎ ያሳዩት ብላቸው፣ ‹የመጀመሪያው ነው እኮ› ብለው እምቢ አሉኝ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ ሁለተኛ ከመጣ መጣ። ብዙ ጊዜ አይመጣም። ክሩን ጥለው ስለ ሚስታቸው ሲያወሩኝ ይውላሉ፤ ዓሣው መጥቶ ትሉን በልቶ ይሄዳል።»

ደብተሬ ጉልበቴ ላይ ተከፍቶ ነበር። ስድስቱ ዜሮዎች አንድ አንድ ዓሣ ነበሩ ማለት ነው። ሁለቱ አንዶች ደግሞ ሁለት ሁለት። በዚያ ወቅት ከሦስቱ ሰዎች እጅ የገባው ትልቁ ዓሣ በመዝገቤ ውስጥ አልነበረም። ይባስ ብሎ በረቂቅ ጽሑፌ ላይ ጋሽ ወልዴ የሚያጠምዱበት የዳርቻው ክፍል ከዓሣ የተራቆተ መሆኑን ጽፌ ነበር፤ ማስረጃዬ የእሳቸው ዜሮዎች ነበሩ። የተሳሳተው ሳይንሴም፣ የተበደለውም ሰው በአንድ መስመር ላይ ተቀምጠዋል። ምሳ ላይ አባቴ የጠበሰውን ቆሮሶ ዓሣ በሎሚና በዳጣ አቀረበልኝ። የሰማሁትን ስነግራቸው ጋሽ ሙክታር ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መለሱና «እኔ ነኝ የሳቅሁት» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል አልገባሁም። እህል በረንዳ ሄድሁ። የጤፉ ብናኝ ከጆንያዎቹ በላይ ተንሳፍፎ የጧቱን ፀሐይ አደብዝዞታል። ጋሽ ወልዴ ለአንዲት ሴት አተር እየሰፈሩ ነበር። የመጀመሪያውን ቁና ሲገለብጡ «በረከት» አሉ፤ ከዚያ «ሁለት… ሦስት… አራት…» ቀጠሉ። ይህን አቆጣጠር ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ሰምቼዋለሁ። የሰማሁትን ነገር ማሰብ እንዳለብኝ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አላሰብሁም ነበር።

ሴትዮዋ ስትሄድ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በጆንያ ላይ እንድቀመጥ አመለከቱኝ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሽ ወልዴ?»

«ምኑን?»

«የመጀመሪያውን ዓሣ። አተሩን ሲሰፍሩ እኮ በረከት ቢሉትም ያው ቁና ነው፤ ከቁጥር አይጎድልም።»

«አተሩ የገዢዋ ነው፤ ሙሉ ቁጥሯን ማግኘት አለባት። ዓሣውን ግን ሰጠሁት» አሉ በርጋታ። «የሰጠሁትን መጥቼ ብቆጥርልሽ፣ መልሼ መውሰዴ አይደለም?»

በልቤ ያለውን መናገር ነበረብኝ፤ እስከ ዛሬም ትክክል እንደ ነበርሁ አምናለሁ። «ካልተቆጠረ ግን ዓሣው ሐይቁ ውስጥ መኖሩን ማን ያውቃል? አንድ ቀን ቢያልቅስ ማለቁን በምን እናውቃለን?»

ቁናውን አስቀመጡ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። የምታጠኚው ዓሣውን ነው፣ ወይስ እኔን?»

«ዓሣውን።»

«ታዲያ የእኔ ስም እዚያ በር ላይ ምን ይሠራል?»

ከአንዱ ጆንያ እፍኝ ቦሎቄ፣ ከሌላው ጥቂት እፍኝ ሽምብራ ዝቀው በወረቀት ጠቀለሉና ሰጡኝ። «ሱቁ ውስጥ ባዶ ጣሳ አይጠፋም» አሉ። «ለሰጡት ቦሎቄ፣ ለወሰዱት ሽምብራ። ማን እንደ ጣለው ማወቅ አያስፈልግሽም። አንቺ ሰኞ ሰኞ ፍሬውን ቁጠሪ።»

ካርቶኑን የዚያኑ ቀን ቀደድሁት። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያለው ጣሳ በቦታው፣ ቦሎቄውንና ሽምብራውን ከጎኑ አስቀመጥሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ጣሳው እስከ አፉ ሞልቶ ስላገኘሁት ደነገጥሁ፤ ጋሽ ሙክታር ስማቸው የማይታይ መሆኑን ሲያውቁ ከጎኑ የነበረውን ሽምብራ ሁሉ ጨምረውበት ነበር። አባቴ ጣሳውን አነሳና ወቅወቅ አደረገው። «ሙክታር፣ ዓሣ ነው የያዝኸው ወይስ ሽሮ ልታስፈጭ ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ይጥሉ ጀመር። ስም የማያወጣለት ውሸት ብዙም እንደማይጣፍጥ ያኔ ነው የገባኝ።

ጋሽ ወልዴ ወዲያውኑ አልተመለሱም። ጉልበቴ የሚሉትን ነገር ይዘው ታኅሣሥ እስኪጋመስ ቆዩ። አንድ ሰኞ ግን ጣሳውን ስገለብጥ ከሽምብራው መሐል አንዲት ነጭ ቦሎቄ አገኘሁ፤ ጋሽ ወልዴ በሌሉበት አንድ ዓሣ ተሰጥቷል ማለት ነው። ቀና ብዬ አባቴን አየሁት፤ ሲባጎ እየጠቀለለ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ ከደጃችን ሆኜ ስመለከት፣ ጋሽ ሙክታር ከጋቢናው ወርደው የፒካፑን በር ከፍተው ቆመዋል፤ ጋሽ ወልዴ አጎንብሰው ወደ መሐሉ ገቡ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስንት እንደ ያዙ ጠይቄያቸው አላውቅም። በእርግጥ ያ ጥያቄ የሚከፍተው ወሬ ነበረ፤ እሱም አብሮ ቀረ። ያጠፋሁትን ሁሉ መልሻለሁ ብዬ የማልናገረው ለዚህ ነው።

ዛሬ ሦስቱም በሕይወት የሉም። እኔም በሙያዬ ብዙ ቆጥሬአለሁ፤ ብዙዎችንም እንዲቆጥሩ አስተምሬአለሁ። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የያዘውን መቁጠር አለበት ወይ ቢሉኝ፣ አዎን እላለሁ፤ ሐይቅ ሲራቆት ድምፅ አያሰማምና። ለሌላው ይንገር ወይ ቢሉኝም አዎን እላለሁ፤ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት የሚቀር ቁጥር ለማንም አይጠቅምም። ያን ካርቶን ያስለጠፈኝ ግን ከሁለቱ አንዱም አልነበረም። ሰው ከሰው ማነስ መብለጡን ማየት ነበር፤ ያም ስለ ሐይቁ አንዳች ነገር አይነግረንም። እንዲያውም ያሳስተናል፤ እኔን እንዳሳተኝ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከማል ዘንጎቹን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ሐይቅ ሲወርድ በቤቴ በኩል አለፈ። ሻይ እየጠጣ ታሪኩን ሁሉ ነገርሁት። ጋሽ ወልዴን ያስታውሳቸዋል፤ የጣሳውን ምክንያት ግን አያውቅም ነበር።

«ደረጃ ከሌለው ማን ቁጥሩን ይልክልኛል፣ እታለም?» አለኝ በመጨረሻ።

«ጋሽ ሙክታር እንኳ ያለ ደረጃ ትክክለኛውን ጥለዋል» አልሁት።

ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ ዝርዝሩን እስከ ግርጌው ሲወርድ አየሁት።

በዚያ ጠዋት የወሰንነው ይህን ነው። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ገጽ አይወጣም፤ ከጣሳው የተቆጠረው ሁሉ፣ ያለ ዳርቻው ስም፣ ይወጣል። የቡድኑ አባላት ቁጥራቸውን ለከማል ብቻ ይልካሉ፤ የሰጡትና ወደ ውሃ የመለሱት በአንድ ዓምድ፣ የወሰዱት በሌላ፤ ሰኞ የሚለጠፈው ድምሩ ይሆናል። በራሱ ፈቃድ መፎከር የሚፈልግ ይፎክር፤ የማንም ስም ግን ከማንም በታች አይጻፍም። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ ከማል መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ላሉት ሽበታም ሰው በግል አንድ ጥያቄ እንዲልክላቸው ተስማማን። ጥያቄውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፦ «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ዓሣ ለማን ሰጡት?»